አበቅቴው አልቦ በሆነበት ዓመት

የካቲት ፮ ቀን ፲፱፻፹፯ ዓ.ም.፣ ሰኞ

የነነዌ ጾም ዛሬ ገባ። በመስከረም እንደ ቀመርሁት አንዲት ቀን ሳይዛነፍ ገባ። ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩኝ የኔታ፣ «ሰው ቢዋሽ ቁጥር ይመሰክርበታል» ይሉ ነበር። ይህን ቃል ይዤ ከቆሎ ተማሪነት እስከ መንግሥት መምህርነት ደርሻለሁ። ከወሎ በሠፈራ ተጭኜ ጋምቤላ ከገባሁ ዐሥር ዓመት ሆነኝ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሒሳብ ሳስተምር በዝምድናም በልመናም ማርክ ጨምሬ አላውቅም። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም።

ከትምህርት በኋላ የፋሲካውን ቀን ዳግም ለማረጋገጥ በሰሌዳው ጥግ በግእዝ ቁጥር ስቀምር፣ ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዷ ኛቹዎል ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። የኑዌር ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ዐሥራ ዘጠኝ። ትምህርት የጀመረችው በሱዳን፣ በማላካል ከተማ በዐረብኛ ነው። ጦርነቱ ሲበረታ እናቷ ናስር ቀርታ እርሷ ባሮ ዳር ከሚኖረው ከጀልባ ቀዛፊው አጎቷ ዘንድ መጣች።

«መምህር፣ ይህ ሁሉ ቁጥር ነው?»

«የግእዝ ቁጥር ነው።»

«ባዶው የቱ ነው?»

«ባዶ የለውም።»

ሳቀች። «ታዲያ ምንም የሌለው ሰው ምን ብሎ ይጽፋል?»

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። ሊቃውንቱ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር «አልቦ» እንደሚሉ፣ አልቦ በቃል እንጂ በምልክት እንደማይጻፍ ነገርኋት። በፀሐይና በጨረቃ ዓመት መካከል ያለው ልዩነት አበቅቴ እንደሚባል፣ የዘንድሮውም አበቅቴ አልቦ እንደሆነ ጨመርሁላት። «በየዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጨረቃ ወደ ጥንቷ ትመለሳለች» ስላት ዐይኗ በራ።

«እኛ ጋ፣ ማላካል፣ ባዶ ነጥብ ናት» አለችኝ።

«ነጥብ የፊደል አገልጋይ ናት፤ ቁጥር አይደለችም» ብዬ አረምኋት። «አንተ» ስላለችኝም «እርስዎ» ማለትን አስተማርኋት። ሁለቱንም በትሕትና ተቀበለች።

«የነገርሁሽን አትመኚ። ዓመቱን ከአምስት ሺህ አምስት መቶ ጋር ደምሪ፤ ለዐሥራ ዘጠኝ አካፍዪ፤ ከሚተርፈው አንዱን ለዘመኑ አንሺ፤ የቀረውን በዐሥራ አንድ አባዢ። አበቅቴውን ራስሽ አውጥተሽ አምጪልኝ» አልኋት። ደብተሯ እንዳለቀ ነገረችኝ።

በመጋቢት መጨረሻ የመምህራን ሥልጠና መግቢያ ፈተና አለ። ክልሉ በየቋንቋው የሚያስተምሩ ሰዎች ይፈልጋል። «ካለፍሁ መምህር እሆናለሁ፤ ካላለፍሁ ወደ ናስር እመለሳለሁ። አጎቴ ለሁለት ቤት የሚበቃ ዓሣ የለውም» አለችኝ። ናስር ጦርነት ነው። ይህን ስትናገር የዝናብ ወሬ የምታወራ ይመስል ነበር።

የካቲት ፰፣ ረቡዕ

ደብተር ሰጠኋት። ሠላሳ ሁለት ሉክ፣ ምንም ያልተጻፈበት፣ ወረቀቱ የወየበ። ሣጥን ውስጥ ዐሥር ዓመት ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር፤ ምስጥ ከሚበላው ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ሽፋኑ ላይ ያለውን ጽሕፈት ልፍቀው ብዬ ምላጭ አንሥቼ ነበር። ጊዜ አልነበረኝም፤ ተውሁት።

የካቲት ፳፪፣ ረቡዕ

ዐቢይ ጾም ከገባ ሦስተኛ ቀን።

ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኩዎል መጥቶ ሰበሰበን። ኩዎል አኙዋ ነው፤ ከስድስት ዓመት በፊት ከፊቴ ተቀምጦ ይማር ነበር፤ ዛሬ የፈተና ክፍል ኃላፊ ነው። ሕፃናት በአኙዋና በኑዌር ቋንቋ ሒሳብ ሲማሩ ቁጥሩ እንዴት ይነገር የሚል ክርክር ተነሣ።

«በእኛም በኑዌርም ስድስት ማለት አምስትና አንድ ነው። ሰባት፣ አምስትና ሁለት። አምስት ላይ ቆመን ነው የምንቆጥረው» አለ ኩዎል።

«ቁጥር የሚቆመው ዐሥር ላይ ነው። አምስት መንገድ ላይ የሚታለፍ ነው» አልሁ።

«እርስዎ ያልፉታል፣ መምህር፤ እኛ እናርፍበታለን።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ስወጣ ወጣቱ የሳይንስ መምህር ስንታየሁ በር ላይ ለባልደረባው ሲንሾካሾክ ሰማሁ፦ «መሪጌታ ገና በዓመተ ዓለም ነው ያለው፤ ተወው፣ አትቀስቅሰው።»

የዘመኑ ሰው ቁጥር እንደየቤቱ የሚቀየር ይመስለዋል። አምስት በየትም አገር አምስት ነው። ይህን የማያምን ሚዛን መያዝ የለበትም።

መጋቢት ፫፣ እሑድ

ባለቤቴ ወለተሥላሴ ሣጥኑን ስታራግፍ፣ «የቤርሳቤ ደብተር የታለ?» አለችኝ።

«ለአንዲት ተማሪ ሰጠሁት።»

«ለየትኛዋ?»

ነገርኋት። «ስንት ዓመቷ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ዕድሜዋ ምን አገባው?»

«ቤርሳቤም ብትኖር ዐሥራ ዘጠኝ ነበረች።»

ይህን ማንም እንዲነግረኝ አያሻኝም። በሠፈራው የመጀመሪያ ክረምት ወባ የወሰደው የእኛን ብቻ አይደለም። ደብተር ደብተር ነው።

መጋቢት ፲፪፣ ማክሰኞ

የመለማመጃውን ፈተና አረምሁ። ኛቹዎል በአሠራሯ እንከን የለባትም፤ ሆኖም በሁለት ቦታ አምስት መጻፍ ሲገባት ክብ ጽፋ አገኘሁ። አምስትን ዜሮ አደረገች! አራት ማርክ ቀነስሁባት። ጠርቼም፣ «አሠራርሽ የሊቅ፣ እጅሽ የቸልተኛ» አልኋት።

«ስቸኩል ነው፣ መምህር።»

«ሌባም የሚያዘው ሲቸኩል ነው።»

ተግሣጽ ነው። ከተግሣጽ በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

አበቅቴውን አውጥታ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ጨርሻለሁ። አልቦን በምን እንደምጽፍ ቸግሮኝ ነው» አለችኝ። ከፈተናው በኋላ እንድታመጣው አዘዝኋት። አሁን ሁልጊዜ «እርስዎ» ትለኛለች፤ አንድም ጊዜ አልሳተችም።

መጋቢት ፳፫፣ ቅዳሜ

ፈተናው ተሰጠ። ሰባ ሁለት ተፈታኝ። አርባ ጥያቄ፤ ሁሉም ምርጫ። ሙቀቱ የሚነገር አይደለም። ኛቹዎል በመስኮቱ ሥር። ቀና ብላ አላየችም። ነገ እርማት።

መጋቢት ፳፬፣ እሑድ

ይህን ቀን ባልጻፍሁት በወደድሁ። ነገር ግን የምወደውን ብቻ የምጽፍ ከሆነ ይህ ደብተር ውሸታም ይሆናል።

ከቅዳሴ በኋላ እኔና ስንታየሁ ተቀምጠን አረምን። ኛቹዎል ከአርባ ሠላሳ ሰባት አገኘች፤ ከሁሉም የበለጠ። ስንታየሁ አፉን ከፍቶ፣ «ሠላሳ ሰባት? ይቺ ኑዌሯ?» አለ። ተቆጣሁት። «ማርክ ዘር የለውም» አልሁት። ልቤ ግን የደስታ ያህል ነገር ተሰምቶት ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልመረመርሁም።

ከዚያ የጥያቄውን ወረቀት ገለበጥሁ።

በጀርባው በእርሳስ ከላይ እስከ ታች የወረዱ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ። ሾጥጣ የተጻፈች ሀ። እግሯን ከፍታ የቆመች ለ። ሁለት ቀለበቶች ተጣብቀው መ ሆነዋል። በመካከላቸው ነጠላ ቀለበቶች፣ ነጥቦችና ሰረዞች ተበትነዋል። ሀ፣ ለ፣ መ፤ የምርጫዎቹ ፊደላት! ተማሪዎች አጤሬራ የሚሉት የተሰረቀ መልስ፣ በምሥጢር ምልክት ተጀቡኖ።

ከመልስ ቁልፉ ጋር አስተያየሁት። ፊደል ከሚመስሉት ዐሥራ አንድ ምልክቶች አራቱ ገጠሙ፤ ሰባቱ አልገጠሙም። ሰባቱን ለማሳሳት ሆን ተብለው የተጨመሩ አድርጌ ወሰድኋቸው። ሐ አንድም ቦታ የለችም፤ ይህንም የላከላት ሰው ፊደሉን አጥርቶ ስለማያውቅ ነው አልሁ።

ስንታየሁ፣ «እንግዲህ ማርክ ዘር ባይኖረውም ጀርባ አለው» አለ።

ለወለተሥላሴ ነገርኋት። «ልጅቷን ጠይቀሃታል?» አለችኝ።

«ማስረጃ ይታያል እንጂ አይጠየቅም።»

«አንተ የማታውቀው ነገር የለም ማለት ነው?»

እኔ ያመንኋት፣ በሰው ፊት ያመሰገንኋት እርሷን ብቻ ነበር። የከፋኝ ለሕጉ ነው፤ ለራሴ አይደለም።

መጋቢት ፳፭፣ ሰኞ

በርእሰ መምህሩ ቢሮ ስንታየሁ ባለበት አስጠራኋት። ወረቀቱን ከፊቷ አኖርሁት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሒሳብ ነው፣ መምህር።»

«ሀ እና ለ ሒሳብ ናቸው?»

«ሀ አይደለም። እጄ ሲቸኩል ወደ ማላካል ይሄዳል።»

ስንታየሁ ከት ብሎ ሳቀ። «እጇ ያለ ፓስፖርት ድንበር ይሻገራል!»

«እንቆቅልሽ አልጠየቅሁሽም» አልሁ።

«እርሳስ ይስጡኝ፤ ላሳይዎት።»

«ማስረጃ ላይ አይጻፍም።»

ዐይኖቿን ከዐይኖቼ ሳትነቅል ቆየች። እንደ ድፍረት ቆጠርሁት። «መምህር፣ እኔ ከሰው አልወሰድሁም» አለች። ቀጥሎ በቋንቋዋ አንድ ነገር ተናግራ ወጣች።

«በፈተና በማጭበርበር የተሰረዘች» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። ቤት ገብቼ፣ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አልሁ፤ ለራሴ ነው ያልሁት። ወለተሥላሴ ከጓዳ ሰማችኝ።

«ይህን ተረት በዚህ ቤት እንዳትተርት ከዐሥር ዓመት በፊት ለምኜህ ነበር» አለችኝ።

ረስቼው ነው። አልረሳሁትም፤ አምልጦኝ ነው።

መጋቢት ፳፯፣ ረቡዕ

ውጤቱ ለጽሕፈት ቤቱ ተላከ። ኛቹዎል አልመጣችም።

ሚያዝያ ፫፣ ማክሰኞ

ዛሬም አልመጣችም። የበደለ ይሸሻል።

በመስኮቱ ሥር ያለውን ወንበር ሌላ ተማሪ ሊቀመጥበት ሲል፣ «ተወው» አልሁት። ለምን ብሎ ጠየቀኝ። ሰሌዳውን መጥረግ ጀመርሁ።

ሚያዝያ ፲፫፣ ዓርብ፣ ስቅለት

ቀኑን ሙሉ ስግደት። ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል ቸብ እያደረጉ ንስሓ ሲሰጡ፣ «የበደልኸው ሰው አለ?» አሉኝ።

«የለም፣ አባ» አልሁ።

ሚያዝያ ፲፭፣ እሑድ፣ ትንሣኤ

ክርስቶስ ተነሥቷል። እኔ ወድቄአለሁ።

በዚህ ቀን ሥራ መሥራት አይገባም ነበር፤ ሆኖም ከስቅለት ጀምሮ እረፍት ስላጣሁ፣ ማስረጃ ብዬ ያስቀረሁትን ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አይ ነበር። ጎረቤታችን እሙዬ እንኳን አደረሳችሁ ልትል እንቁላል ይዛ ገባች። እሙዬ ከወሎ በአንድ መኪና አብራን ተጭና የመጣች ባልቴት ናት። አባቷ ሼህ ነበሩ፤ ልጆች ቁርኣን ያቀሩ ነበር። እርሷ ከጓዳ ሆና በጆሮዋና በዐይኗ ጥቂት እንደለቀመች ታወራ ነበር፤ እኔ ግን ዐሥር ዓመት ሙሉ ምን እንደለቀመች ጠይቄአት አላውቅም።

እንቁላሉን ስታስቀምጥ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለች።

«ይህን ማን ጻፈው? የአባቴን ሒሳብ አስታወሰኝ።»

«ሀ እና ለ ነው» አልኋት።

«ምን ሀ አለው መምህር! ሰባት ናት እንጂ። አባቴ፣ ‹ሰባት እጇን ዘርግታ ትለምናለች፣ ስምንት አጎንብሳ ትሰግዳለች› እያሉ ነበር የሚያስጠኑት። ይቺ ትለምናለች፤ ይቺ ትሰግዳለች። እዩዋት።»

አየኋት።

«መ የመሰለችውስ?»

«አምስትና አምስት። ኀምሳ አምስት። ቀለበቷ አምስት ናት።»

ጣቴን ነጥቧ ላይ አኖርሁ። «ነጥቧስ?»

«ነጥቧማ ባዶ ናት። ምንም።»

ወጥታ የሟች ባሏን ቁርኣን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣች። እኔ አልነካሁትም፤ እርሷ እየገለጠች በዐረብኛ የተጻፈውን የየአንቀጹን ቁጥር አሳየችኝ። እነዚያው ቀለበቶች። እነዚያው ለማኞችና ሰጋጆች። «ያገራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል እኮ፤ አንቱ እንዴት አላወቁትም?» አለችኝ፤ ልትወቅሰኝ ብላ አይደለም።

እርሷ ከሄደች በኋላ ምልክቶቹን በየስማቸው እየጠራሁ ሒሳቡን ተከተልሁት። ማባዛቱ፣ ማካፈሉ፣ መቶኛው። ከላይ እስከ ታች አንዲት ስሕተት አላገኘሁም። ከሰው አልወሰደችም።

ከዚያ ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥሁ። የካቲት ፮፦ «እኛ ጋ፣ ማላካል፣ ባዶ ነጥብ ናት።» መጋቢት ፲፪፦ አምስት በቀለበት ተጽፎ፣ አራት ማርክ ተቀንሶ። መጋቢት ፳፭፦ «እጄ ሲቸኩል ወደ ማላካል ይሄዳል።» ሁሉንም ነግራኛለች። ሁሉንም በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ቁጥር ይመሰክራል ያሉኝ የኔታ፣ በማን ላይ እንደሚመሰክር አልነገሩኝም ነበር።

ወለተሥላሴ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ጠላውን ቀድታ ከፊቴ አኖረች። ብትወቅሰኝ በተሻለኝ።

ሚያዝያ ፲፯፣ ማክሰኞ

ጽሕፈት ቤቱ ሲከፈት በር ላይ ነበርሁ። ኩዎል ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ አልተቀመጥሁም። ቆሜ ነገርሁት። ወረቀቱን አሳየሁት።

«መምህር፣ ሠልጣኞቹ ሐሙስ ዕለት ሄደዋል። በቦታዋ ተጠባባቂ ገብቷል።»

«ስሕተቱ የእኔ ነው። በጽሑፍ አረጋግጣለሁ።»

ወረቀቱን አገላበጠ። «የሌላ መምህር ፊርማ ቢሆን ኖሮ ልጅቷን አስጠርተን እንጠይቃት ነበር። የእርስዎ ስለሆነ ማንም አልመረመረውም። ‹ዘርአብሩክ ከፈረመ አለቀ› ነው ያልነው።»

ሠላሳ ዓመት የገነባሁት ስም ለዚህ ዋለ።

«ያስታውሳሉ?» አለኝ። «ስምንተኛ ክፍል ሳለን አንድ ጥያቄ ተሳስተው ሰጡን። ብንነግርዎት፣ ‹የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ› ብለው እምቢ አሉ። ያን ቀን ሁላችንም ወደቅን። ቤት ሄጄ ለአባቴ በአኙዋ ስተረጉምለት፣ ‹ይህ ሰው ልጅ የለውም እንዴ?› ብሎ ጠየቀኝ።»

ምን ብለህ መለስህለት ብዬ አልጠየቅሁትም።

ኩዎል ክፉ ሰው አይደለም። «ለመጪው ዓመት ስሟን አጸዳለሁ፤ ያለ ፈተና ትገባለች። እርስዎ ማመልከቻውን ይጻፉ፤ እርሷን ይዘው ይምጡ» አለኝ።

እንግዲህ ተስፋ አለ። ማግኘት ብቻ ነው።

ሚያዝያ ፲፰፣ ረቡዕ

«አቶ ዘርአብሩክ በፈጸሙት ስሕተት» ብዬ ጻፍሁ፤ ቀደድሁት። «ስሕተት በመፈጠሩ» አልሁ፤ ይህንም ቀደድሁት። ስሕተት ራሱን አይፈጥርም። በአምስተኛው ወረቀት ላይ «ተሳስቻለሁ፤ ልጅቷ ንጹሕ ናት» ብዬ ቆምሁ። ቀላል አማርኛ ነው። ለመጻፍ ግማሽ ቀን ወሰደብኝ።

ሚያዝያ ፳፣ ዓርብ

ባሮ ዳር ሄድሁ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች፤ የሚዋኙ ልጆች። የአጎቷን ቤት አሳዩኝ። ዝግ ነው። ዓሣ ለማስገር ወርዷል አሉ። እርሷስ? ትከሻቸውን ሰበቁ። አንዲት ሕፃን «መምህሩ፣ መምህሩ» እያለች ተከተለችኝ። ነገ እመለሳለሁ።

ሚያዝያ ፳፩፣ ቅዳሜ

ዝግ ነው።

ሚያዝያ ፳፫፣ ሰኞ

አጎቷ ቦት ዛሬ ተገኘ። ጀልባውን አፉን ደፍቶ ቀዳዳ ሲደፍን ደረስሁበት። ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ ነህ መምህሩ?» አለና ግንባሩን መታ። «‹እርስዎ በል› ብላኛለች። ይረሳኛል።»

«ግድ የለም። ኛቹዎል የት አለች?»

«ሄደች። በእግሯ። ዛሬ ዐሥራ አንድ ቀን። ናስር።»

የመጣሁበትን ነገርሁት። ቀለበቷን፣ ነጥቧን፣ የኩዎልን ተስፋ፤ በተቻለኝ ሁሉ ግልጽ አድርጌ። ሥራውን ሳያቋርጥ ሰማኝ።

«እኔ አትሂጂ አልኋት» አለ። «‹እዚህ ሌባ ለተባለ ሰው ልጁን ለትምህርት የሚሰጥ የለም። ናስር ልጅ አለ፤ መምህር የለም› አለችኝ። ጠመኔ ይዛ ሄደች።»

ሌባ የሚለውን ቃል እኔ አልጻፍሁም። የጻፍሁት «ማጭበርበር» ነው። ይህን ልነግረው አሰብሁ። ከዚያ መጋቢት ፲፪ «ሌባም የሚያዘው ሲቸኩል ነው» ያልኋት ትዝ አለኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ ቦት። «በእኛ ስድስት ማለት አምስትና አንድ ነው። አምስትን የማያውቅ ሰው ስድስትን አያውቅም። አንተ አምስትን ሳታውቅ እንዴት ሒሳብ ታስተምራለህ?»

«አንተ» አለኝ። አላረምሁትም።

ወደ ጎጆው ገብቶ ደብተሩን ይዞ ወጣ። በላስቲክ ጠቅልላዋለች። «‹የእርሱ ነው፤ መልስለት› ብላኛለች። ተቆጥታ ነው ብለህ እንዳታስብ።»

ባሮ አሁን ጎድሏል፤ ሲሞላ በጀልባ ወደዚያ እንደሚወርድ ነገረኝ። ደብዳቤ እንደምሰጠው ተስማማን። ደብተሩን አልከፈትሁትም። ሣጥኑ ውስጥ፣ የነበረበት ቦታ መለስሁት።

ግንቦት ፳፩፣ ሰኞ

ዝናቡ ጠንክሯል። ባሮ ደፍርሶ ሞልቷል። ቦት ዛሬ ወረደ፤ ደብዳቤዬን አንገቱ ላይ በቆዳ አሥሮ። የጻፍሁት አጭር ነው። ይቅርታ ለመንኋት። ቦታሽ ይጠብቅሻል አልኋት። በመጨረሻ ቀኑን በእርሷ ቁጥር ለመጻፍ ሞከርሁ፤ እሙዬ እያረመችኝ። ስምንት በእጄ አላጎነብስ አለ፤ ሦስት ጊዜ ጻፍሁት። እሙዬ፣ «ሰጋጅ አይደሉማ፤ ለዚያ ነው» ብላ ሳቀች። ወለተሥላሴም ሳቀች። በዚህ ቤት ሳቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ሰኔ ፳፭፣ እሑድ

ቦት ከደጄ ቆሞ ጠራኝ። ለመግባት እምቢ አለ። ደብዳቤዬን እንደታሸገ ዘረጋልኝ።

«ሰፈሩ የለም» አለ። «ተቃጥሏል። ሰው ሁሉ ወደ ረግረጉ ገብቷል። አንድ ዛፍ ሥር ሰሌዳ አየሁ፤ የሣጥን ክዳን ነው፤ በከሰል ጠቁሯል። ቁጥር ተጽፎበታል። ዝናብ አጥቦት ምን እንደሚል አልለየሁም።»

«እርሷስ?»

«የሞተች አላየሁም። ያያትም አላየሁም።»

ከዚያ የቆዳውን ማሠሪያ ከአንገቱ ፈታና፣ «እርስዎ» አለኝ። «እርስዎ፣ ደህና ይሁኑ።» ዝናብ ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ሣጥኑን ከፈትሁ። ወለተሥላሴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ላስቲኩን እርሷ ፈታችው። ሽፋኑ ላይ በሰባ ሰባት ዓ.ም. በእጄ የጻፍሁት አለ፦ ቤርሳቤ ዘርአብሩክ፣ አንደኛ ክፍል። ኛቹዎል አልፋቀችውም። ከሥሩ፣ በትንንሽ ፊደል፣ የራሷን ስም ጨምራለች። ወለተሥላሴ ሁለቱንም ስሞች በጣቷ ዳሰሰቻቸው። እኔ ሌላ ቦታ አየሁ።

በውስጡ የተጻፈበት አንድ ገጽ ብቻ ነው። የካቲት ያዘዝኋት ሥራ። ከላይ እስከ ታች በግእዝ ቁጥር ነው የሠራችው። አንድ ቀን ብቻ ሰሌዳዬ ላይ አይታ፣ ከዚያ ከማን እንደ ተማረችው አላውቅም። ፲፱፻፹፯ን ከ፶፭፻ ጋር ደምራለች፤ ፸፬፻፹፯። ለ፲፱ አካፍላለች። ፩ ተርፏታል። አንዱን ለዘመኑ አንሥታለች። ከሥሩ «አበቅቴ» ብላ ጽፋ፣ ከትይዩው አንዲት ነጥብ አኑራለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እርሳስ የነካው ነው ብዬ አልፌው ነበር።

የእኔ ቁጥር ለአልቦ ምልክት ስላጣ የራሷን ሰጠችው።

ቀዩን ብዕር አወጣሁ። ወለተሥላሴ፣ «ማን ሊያየው?» አላለችኝም። መብራቱን ወደ ገጹ አስጠጋችልኝ። ከነጥቧ አጠገብ «ትክክል» ብዬ ጻፍሁ፤ ማርኩንም ከገጹ ራስ ላይ አኖርሁ፣ ከአምስት አምስት፤ በእርሷ ቁጥር፦ ٥።

ቀለሙ እስኪደርቅ ገጹን አልከደንሁትም፤ ነጥቧን እንዳያጠፋት።